ጓድ ሳሙና የወደቀበት ክረምት

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ከተማችን ፒያሳ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሠርግ ተጠርቼ ነበር። የሙሽሮቹን የልጅነት ፎቶ ግድግዳ ላይ የሚያሳየው ፕሮጀክተር ጋለና የተቃጠለ አቧራና የቀለጠ ፕላስቲክ ሽታ አዳራሹን ሞላው። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። እኔ ግን ሹካዬን አስቀምጬ ቀናሁ። ሌላውን ሰው ሽታ ያስርበዋል፣ ወይ ያስነጥሰዋል፤ እኔን ይህ ሽታ ያስቀናኛል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "ምነው ፊትህ ጠቆረ?" ቢሉኝ፣ አንድ የድሮ ባላጋራዬ ትዝ ብሎኝ ነው አልኳቸው። እውነቴን ነው። ባላጋራዬን ግን በአካል አግኝቼው አላውቅም፤ ስሙንም አገሩንም አላውቅም። የማውቀው፣ በአንድ ክረምት እናቴን ከእጄ እንደነጠቀኝ ብቻ ነው።

ያኔ ከተማችን አዋሳ ነበር የምትባለው። አባዬ ፒያሳ አንዲት በር ያላት ልብስ ስፌት ቤት ነበረችው። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ ሲወለድም አንገቱ ላይ ሳይኖር አይቀርም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በመንግሥት ስለታሸገ ግን አምልኮው የሚካሄደው እኛ ሳሎን ውስጥ፣ መጋረጃ ተዘግቶ፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ እየተዘመረ ነው። ሃሌ ሉያን በሹክሹክታ ማለት ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚጨርስ ያልሞከረው አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ጎረቤቱ ሁሉ እንዳላወቀ ይሆናል። አባዬ በሕይወቱ ሁለት ነገር አድርጎ አያውቅም፤ ዋሽቶ አያውቅም፣ ቀልዶም አያውቅም። ሁለቱን አንድ ኃጢአት አድርጎ የሚቆጥራቸው ይመስለኝ ነበር።

ቀልድ በቤታችን የእኔ ሥራ ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ አይደለም፤ እሺ፣ ለማሞገስም ነው። የሒሳብ አስተማሪያችንን አነጋገር ሳስመስል ሐይቁ ዳር የቆሙት አባ ኮዳዎች እንኳ ምንቃራቸውን ከፍተው ይስቁ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን የምሠራው ለእማዬ ነበር። የእማዬ ሳቅ መጀመሪያ ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ እንደሚፈላ ማንቆርቆሪያ ክዳን መንቀጥቀጡ ወደ ላይ ይወጣና፣ "ኧረ በጌታ" ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ትጭናለች። ያን ነጠላ አፏ ላይ ያየሁ ቀን ራት ባይቀርብልኝም ጠግቤ አድር ነበር።

ከዚያ አጎቴ ማርቆስ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። የእማዬ የመጨረሻ ወንድም ነው፤ እናታቸው ስለሞተች እሷ ናት አዝላ ያሳደገችው። ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ሰሜን ሄደ መባሉን ሰማን፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማንም። የእማዬ ትከሻም ቆመ። ያልሞከርኩት የለም። ቀሚሷን ለብሼ ጎረቤቷን ሆንኩ፤ ፍየል ሆንኩ፤ ፍየሏን የሚሸጠውን ሰውዬም ሆንኩ። ሁሉንም እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ታየኝና "ጎበዝ። አሁን እጅህን ታጠብ" ትለኛለች።

ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተላከ ፊልም በመኪና መጥቶ ቀበሌያችን አዳራሽ እንደሚታይ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ሰው የስኳርና የሳሙና ኩፖኑን ይረሳዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሲኒማ መግባት ከመስከር የማይተናነስ ኃጢአት ነው። አባዬ ሲጨነቅ ሰንብቶ መፍትሔ አገኘ፤ ይሄዳል፣ ዓይኑን ግን አይገልጥም። እንዳለውም አደረገ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፎቶ ሊነሳ እንደቀረበ ዓይነ ስውር ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ፊልሙ የጦርነት ነው፤ ግን የሚያስቅ። ጦርነት የሚያስቅ ነገር ሊኖረው እንደሚችል በዚያ ሰሞን አዋሳ ውስጥ የሰማ ሰው አልነበረም። ዋናው ሰው የጦሩ ልብስ አጣቢ ነው። አጭር፣ ጆሮው እንደተከፈተ መስኮት ግራና ቀኝ የተዘረጋ፣ ሱሪው ከእሱ ቀድሞ የሚሄድ ሰው። ጠመንጃ የለውም፤ ያለው ሳፋ ነው። ሲዘንብ ጃንጥላው፣ ጥይት ሲመጣ የብረት ቆቡ፣ ሲደክመው ትራሱ ያው ሳፋ ነው። መጀመሪያ ስናየው ወንዝ ዳር አንዲት ሸሚዝ ያጥባል። አረፋው ከሳፋው ሞልቶ ይፈሳል፣ ወንዙን ይሸፍናል፣ ድልድዩ ላይ ይወጣል። ሳሙና በኩፖን የሚቆረስላቸው የአዋሳ እናቶች በአንድ ድምፅ አቃሰቱ፤ አንዲቱማ ቀንስ ብላ ተቆጣችው። ስሙ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጓድ ሳሙና ሆነ።

የጄኔራሉን ነጭ የውስጥ ሱሪ ረጅም እንጨት ላይ ሰቅሎ ሊያደርቅ ሲሞክር ጠላት እጅ የሰጡ ይመስለዋል፤ ከኋላ ያለው የገዛ ወገኑም ጠላት እጅ የሰጠ ይመስለዋል። ሁለቱም ጦር ሊማርክ ይወጣና ሜዳው መሃል ይገናኛል። ይህን ሁሉ በማይክሮፎን የሚተረጉምልን የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ሽፈራው ነበር። የፊልሙን ቋንቋ እኔ የማውቀውን ያህል ያውቃል፤ እኔ ምንም አላውቅም። ጓድ ሳሙና ባዶ ሳህን ይዞ ወጥ ቤቱን ሲለምን፣ ስለ ሠራተኛው መደብ ታሪካዊ ሚና እየገለጸ ነው ይለናል። ወጥ ቤቱ በጭልፋ ሲመታው፣ እዚህ ላይ የሐሳብ ልዩነት ተፈጥሯል ይላል።

የሰውየው ዋና ሙያ ግን መውደቅ ነበር። ይተኮሳል፣ ጥይቱ ሳፋው ላይ ያቃጭላል፣ ጓድ ሳሙና በጀርባው ይዘረራል። የግራ ጫማው ይወልቃል። ሙዚቃው ዝም ይላል። ከዚያ በተቀደደው ካልሲ በኩል የእግሩ አውራ ጣት ብቅ ትልና ግራ ቀኝ ታያለች። ታያለች ስል አላጋነንኩም፤ ያቺ ጣት ዓይን ነበራት። ሰላም መሆኑን ስታረጋግጥ ሁለቴ ጎንበስ ቀና ትልና ሌሎቹን ጣቶች ትጠራለች፤ እነሱ ጉልበቱን ይቀሰቅሳሉ፣ ጉልበቱ ወገቡን፤ በመጨረሻ ሰውየው ተነስቶ ሳፋውን ያራግፍና ወደ ልብሱ ይመለሳል።

መጀመሪያ ሲነሳ ከጎኔ የሆነ ነገር ተነቃነቀ። ዞር ስል የእማዬ ትከሻ ነው። ቀጥሎ ክዳኑ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ነጠላው አፏ ላይ ወጣ። እኔ ወራት ሙሉ የለፋሁበትን ሥራ የአንድ ፈረንጅ የእግር ጣት በአንድ ደቂቃ ጨረሰው። አዳራሹ በሳቅ ሲናወጥ ያልሳቅነው ሁለት ነበርን፤ ዓይኑን የጨፈነው አባዬና ዓይኑ የቀላው እኔ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ወለሉ ላይ ተዘርሬ ጣቴን አነቃነቅሁ። እማዬ "ታዴ፣ ተነስ፣ ብርድ ይመታሃል" አለች። በነጋታው ካልሲዬን ቀድጄ ሞከርኩ። ካልሲውን ወስዳ ጠቅማ መለሰችልኝ።

አባዬም የዋዛ ሰው አልሆነም። ራት ላይ ጎርሶ አላምጦ ሲያበቃ፣ ሰውየው ምን ቢያደርግ ነው እንደዚያ የሳቅሽው ብሎ ጠየቃት። እማዬ አውራ ጣቷን ከመሶቡ ጠርዝ ብቅ አድርጋ፣ ሁለቴ ጎንበስ ቀና አስብላ አሳየችው፤ እያሳየችም ሳቀች። አባዬ ጣቷን አላየም፤ ያየው ፊቷን ነው። በማግስቱ ራት ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንድ ሰው ሦስት እግር ያለው ሱሪ ስፋልኝ አለኝ" አለ።

ጠበቅን። ቀልድ እየቀለደ መሆኑን ስንረዳ በመገረም ጠበቅን።

"ከዚያስ?" አለች እማዬ።

"ከዚያማ አልሰፋሁለትም።" ትንሽ ቆይቶ "ጨርቁ አይበቃም" ብሎ ጨመረበት።

ያን ማታ ለአባዬ አዘንኩለት። ባላጋራችን አንድ እንደሆነም ገባኝ።

ፊልሙን ያመጣው መኪና ሞተሩ ተበላሽቶ ስለቀረ ያው ፊልም በየማታው ይታይ ጀመር። እስከ መጨረሻው ያየው ግን አልነበረም። ከፊልም በኋላ ውይይት ግዴታ ነው፤ ሰዓት እላፊው ሳይገባ ደግሞ ሕዝቡ ቤቱ መድረስ አለበት። ጓድ ሽፈራው ውይይቱ ከሚያጥር ፊልሙ ይጠር ብሎ ስለወሰነ የመጨረሻው የፊልም ጥቅልል ከሣጥኑ ሳይወጣ ይቀራል። የሚቆረጥበት ቦታ ምንጊዜም አንድ ነው። ጓድ ሳሙና ወንዙን ሲሻገር ይመታል፤ በጀርባው ይወድቃል፤ ሳፋው ፊቱን ይሸፍነዋል። ጫማው ይወልቃል። ጣቷን እንጠብቃለን። መብራት ይበራል። ከዚህ ፊልም ምን ተማርን እንባላለን።

የሴቶች ማኅበር ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ራሷን የሚያማት እናቴ በድንገት የቀበሌው ንቁ ሴት ሆነች። ግዴታው ካለቀም በኋላ በየማታው ትሄዳለች፤ ከፊት አግዳሚ ትቀመጣለች። ሲወድቅ ሲነሳ ትስቃለች። ወንዙ ጋ ሲደርስ ግን ሳቋ ይቆምና እጄን ትጨብጠዋለች፤ ጣቶቼ እስከ ዛሬ ትንሽ የተጣመሙት በዚሁ ነው። አባዬ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ አልገባም። ጃንጥላ ይዞ ደጅ ይጠብቀንና፣ ስንወጣ ሌላ ነገር ሳይናገር "ዛሬስ ተነሳ?" ይላታል። "አልታወቀም" ትለዋለች።

አንድ ማታ እየሄድን፣ የማርቆስም ካልሲ ሁልጊዜ አውራ ጣቱ ጋ ነበር የሚቀደደው አለችው። አባዬ ጃንጥላውን ወደ እሷ ጠጋ አደረገ። እኔ ዝናብ ላይ ቀረሁ። በልቤም ነገሩን ጨረስኩ፤ እናቴ ከፊልሙ ሰውዬ ፍቅር ይዟታል፣ የአጎቴን ካልሲ እንኳ ከእሱ ጋር ማወዳደር ጀምራለች፣ አባዬ ምስኪን ደግሞ ጃንጥላ ይዞ ይሸኛታል። እሑድ ሳሎናችን ውስጥ ሁሉም በሹክሹክታ ሲጸልይ እኔም ያ ጥይት እንዲያገኘው በሹክሹክታ ጸለይኩ። እግዚአብሔር ባይሰማኝስ ብዬ ደገምኩት።

መኪናው ተጠግኖ ሊሄድ ሲል ሕዝቡ መጨረሻውን ካላየን ብሎ አጉረመረመ፤ ጓድ ሽፈራውም ለመጨረሻው ማታ ውይይቱ እንዲያጥር ፈቀደ። እማዬ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። ሌላ ምን ማስረጃ ያሻኛል? አዳራሹ ከመጠን በላይ ሞላ፤ መተንፈስ የሚቻለው ተራ በተራ ነበር። ፊልሙ ወንዙ ጋ ደረሰ፤ ሰውየው ወደቀ፤ ኦፕሬተሩ የመጨረሻውን ጥቅልል አስገባ። ሳፋው ታየ። እግሩ ታየ። የተቀደደው ካልሲ ታየ። ልክ ካልሲው ላይ ቡናማ ነጥብ ወጣች፤ ሰፋች፤ እግሩን በላችው፤ ወንዙን በላችው፤ ከዚያ ፊልሙ የሚያርፍበት ነጭ አንሶላ ብቻ ቀረ። ያ ሽታ መጣ። ኦፕሬተሩ ከጭሱ ውስጥ እያሳለ ወጥቶ ጥቅልሉ እንደተቃጠለ፣ የሚተርፍም ነገር እንደሌለ ተናገረ።

እኔ ጸሎቴ እንደተሰማ አውቄ አግዳሚው ላይ ቆሜ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም።

ጓድ ሽፈራው ማይክሮፎኑን አነሳ። አትረበሹ፣ መጨረሻውን እኔ አውቀዋለሁ አለ። "ጓድ ሳሙና ለእናት አገሩ በጀግንነት ተሰውቷል። ሁላችንም ተነስተን የኅሊና ጸሎት እናድርግለት።"

አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። ላላየነው አገር ቀልደኛ፣ ለልብስ አጣቢ፣ የአዋሳ ሕዝብ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ከእማዬ በቀር። እማዬ እንደተቀመጠች ናት።

"ጓድ አበበች፣ ይነሱ እንጂ" አላት።

"አልሞተም።"

"ተሰውቷል እያልኩ ነው።"

"ጣቱን አላየንም" አለች እማዬ። ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ ግን ማይክሮፎን የያዘችው እሷ ትመስል ነበር። "ጣቱን ሳናይ ሞተ አይባልም።"

እንድትስቅ ነበር ስጠብቅ የከረምኩት፤ ያን ፊቷን ግን አይቼው አላውቅም። ዙሪያዬን አየሁ። ከእኛ ኋላ የቆሙት ሴትዮ ሁለት ልጆቻቸው ሰሜን ናቸው። ከጎናቸው ያለው ዳቦ ጋጋሪ ወንድሙ ሰሜን ነው። ማንም ቀና አላለም። ጓድ ሽፈራው ደግሞ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም፤ ዳግመኛ ይነሱ ሊላት አፉን ከፈተ።

"ይነሳል።"

ድምፁ ከበሩ ነው የመጣው። አባዬ ነው፤ የሚንጠባጠብ ጃንጥላ በእጁ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ። ጨርቅ ልገዛ አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ አለ።

አዳራሹ አጉረመረመ። ማን መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ጴንጤ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ ድምፁ ባይሰማ የሚሻለው ሰው ነው።

"አቶ ላምቦሬ፣ እርስዎ ሲኒማ ገቡ?" አለ ጓድ ሽፈራው።

"ገባሁ።"

"የትኛው ሲኒማ ቤት?"

"ትልቁ።"

"እሺ፣ እንዴት ነው የሚነሳው?"

አባዬ ታሪክ ማውራት አይችልም፤ የሦስት እግሩን ሱሪ ሰምታችኋል። ጃንጥላውን ለዳቦ ጋጋሪው ሰጠው። ወደ ፊት ሄዶ፣ ከነጩ አንሶላ ሥር፣ ሰው በጭቃ ጫማ ሲረግጠው ያመሸው ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ተኛ። ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አደረገ። አንድ ጫማውን አወለቀ፤ ቀኙን፤ ተሳሳተ። ካልሲው አልተቀደደም፤ የልብስ ሰፊ ካልሲ እንዴት ይቀደዳል? ጸጥ አለ። ከፊልሙ ይበልጥ ቆየ። ሕዝቡ ያለ ትንፋሽ ሲጠብቅ፣ ብርድ ልብስ ሥር እንደገባች አይጥ ካልሲው ውስጥ አንድ ነገር ተነቃነቀ። ሁለቴ ጎንበስ ቀና አለች። እንደ ጓድ ሳሙና ጣት አልነበረም፤ እሱን መች አየውና። ልክ መሶቡ ጠርዝ ላይ እንዳየናት የእማዬ አውራ ጣት ነበር። ይህን ከአዳራሹ ሁሉ የምናውቀው እሷና እኔ ነን።

ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ክዳኑ ተነሳ። ነጠላው ግን አፏ ላይ አልወጣም፤ ዓይኗ ላይ ወጣ።

አባዬ እያቃሰተ ተነስቶ ባርኔጣውን አራገፈ። "ከዚያ ቤቱ ይሄዳል" አለ። "እህቱ በር ላይ ናት።"

ጓድ ሽፈራው ሕዝቡን አየ፣ ሰዓቱን አየ፤ የፊልሙ ትምህርት ምን እንደሆነ ጠየቀው። አባዬ አሰበ። "ይኸው ነው" አለ። አዳራሹ እስኪናጋ ተጨበጨበ። ጓድ ሽፈራውም በተሰጠው ማሻሻያ መሠረት ጓድ ሳሙና በሕይወት መኖሩ ተቀባይነት አግኝቷል ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

ወደ ቤት ስንሄድ እማዬ ከአባዬ ጀርባ ላይ ጭቃውን እያራገፈችለት ነበር። ጭቃው ካለቀም በኋላ እጇ አልቆመም።

"ያን ጊዜ አዲስ አበባ ስትሄድ፣ ከአማኞቹ ቤት ወደ ጨርቅ ተራ፣ ከጨርቅ ተራ ወደ አማኞቹ ቤት ብቻ ነው የሄድኩት አላልከኝም?"

"ዝናቡ ጨመረ" አለ አባዬ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከአምልኮ በኋላ ቀሩ። ወሬው ደርሷቸዋል። እማዬን ወደ ጓዳ፣ እኔንም ከእሷ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ላኩን። አንጋፋው ሽማግሌ፣ ወንድም ላምቦሬ፣ ከሁለቱ አንዱን ነው ያደረግኸው አሉት፤ ወይ ሲኒማ ገብተሃል፣ ወይ ዋሽተሃል። የዋሸኸው ለሚስትህ አዝነህ ከሆነ እንረዳለን፣ እዚሁ ጸልየን እንጨርሰዋለን፤ ሲኒማ ከገባህ ግን ከአገልግሎት ትታገዳለህ፣ ከበሩ አጠገብ ከኋላ ትቀመጣለህ።

የማምለጫው በር ሰፊ ነበር፤ ዋሸሁ ማለት ብቻ። ግን የሽማግሌዎቹ ሚስቶች ዛሬ ከሰሙት ነገ አዋሳ ትሰማዋለች፤ ነገ ማታ ጓድ ሳሙና እንደገና ሞቶ ያድራል። ልጅም ብሆን ገባኝ። ቅናት ጆሮ ይከፍታል።

"ገብቻለሁ" አለ አባዬ።

"አልተጸጸትክም?"



"ጥሩ ፊልም ነው" አለ።

ከጎኔ፣ ጨለማው ውስጥ፣ የእማዬ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መጋረጃውንም ይዞት ተነቃነቀ። እኔ በፍየልና በፍየል ነጋዴ ያጣሁትን፣ ያ ሰውዬ በሽማግሌዎች ፊት ተቀምጦ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ በሦስት ቃል ወሰደው። ከጓድ ሳሙና ተገላገልኩ ባልኩ በሳምንቱ የባሰ ባላጋራ ቤቴ ውስጥ አገኘሁ።

የሚቀጥለው እሑድ አባዬ እንደተፈረደበት ከበሩ አጠገብ፣ ከኋላ፣ የታገደ ሰው የሚቀመጥባት አጭር አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እማዬ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። ማንንም ሳታስፈቅድ ሄዳ ከጎኑ ተቀመጠች። እኔም ተከትዬ ሄጄ መሃላቸው ልገባ ሞከርኩ። ቦታ አልነበረም።